የጋሽ በዛብህ ሲዲ

"ሰባት፣ ኤፍ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ" አለች ኤቢሴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

"የኔ በሦስት ነው የሚጀምረው" አለ ባምላኩ። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ደግሞ አየው። "ሦስት፣ ሲ፣ ዜሮ፣ ኤ።"

"ከመጀመሪያው ነው የምታነበው?"

"ማንበብማ እችላለሁ እኮ፣ ኤቢሴ።"

"የፕሮግራሙ እትምስ? አራት ነጥብ ሁለት ነው የሚለው?"

"አራት ነጥብ ሁለት። ይኸው፣ እይው።"

ስልኩን ተቀብላ አየችው። ልክ ነበር። የፕሮግራሙ ሠሪዎች በዌብሳይታቸው ላይ የለጠፉት አንድ ነገር ይላል፣ እሷ እጅ ያለው ደግሞ ሌላ። ስልኩን መለሰችለትና ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መሀል ከተተች።

ኤቢሴ አስኮ ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ቁጥር ከቁጥር አመሳክራ አታውቅም። ለምን ብላ? መሣሪያዋ የጋሽ በዛብህ ሲዲ ነው። የጋሽ በዛብህን ሲዲ የሚጠራጠር ደግሞ ከአስኮ እስከ ቀራንዮ ገና አልተወለደም።

የሠፈሩ ጠጋኝ ሁሉ ሲዲውን "ነፍስ አድን" ይለዋል። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል በሲዲው ላይ ባለው ፕሮግራም ያስነሱታል። የታመመው ሃርድ ዲስክ ሳይነካ እንደተኛ ይቆያል፤ የሚፈለገውም ፋይል ከላዩ ላይ ቀስ ተብሎ ይቀዳል። ጋሽ በዛብህ ሳንሱሲ በነበረው ሱቃቸው ዘጠኝ ሰው አሠልጥነዋል። አንዱ ሠልጥኖ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ሲወጣ ከሲዲያቸው አንድ ቅጂ ይገለብጡና ስሙን በእጅ ጽሑፋቸው ጽፈውበት ይሰጡታል። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "በርታ" ይላሉ። ምርቃቱ ያ ነው። ኤቢሴም ግድግዳዋ ላይ በፍሬም ከሰቀለችው የኮሌጅ ዲፕሎማ ይልቅ በእስክሪብቶ "ኤቢሴ" ተብሎ የተጻፈባት ያቺ ሲዲ ትበልጥባታለች።

የዛሬው ጣጣ የመጣው በባምላኩ ላፕቶፕ ነው። እንደ አዳዲሶቹ ሁሉ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ ኤቢሴ ሲዲውን ወደ ፍላሽ ልታዛውረው ስትል የማዛወሪያው ፕሮግራም አሻራውን አወጣላት። የፋይል አሻራ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው፤ ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሰንሰለቱ እንዳለ ይቀየራል። ያን ጊዜ ነው፣ ለነገሩ ያህል እስቲ ሠሪዎቹ ከለጠፉት ጋር ልየው ያለችው። ለነገሩ ያህል ባላየችው ኖሮ ቀኗ እንዴት ቀላል ነበር።

"ቫይረስ ነው?" አለ ባምላኩ።

"አላውቅም። ሲዲው ተጭሮ ሊሆን ይችላል። የሆነ ሰው ነካክቶት ሊሆንም ይችላል።"

"ጋሽ በዛብህ በእጃቸው አይደል የሰጡሽ? ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ክተችው በቃ!"

ኤቢሴ አልተቆጣችም። እሷም ትናንት ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር የምትለው።

ባምላኩ ቀራንዮ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሌሊሴ የተባለች ደንበኛውን ሰርግ ቀርጿል። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል አባቷ አቶ ነገሬ ሳሎን መሀል ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው መርቀዋታል። አቶ ነገሬ ከሰርጉ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆዩም፤ አሞኛል ብለው ተኙና በአራተኛው ቀን አረፉ። አርባቸው ነገ ነው። ሌሊሴ ያቺን ምርቃት ለተሰበሰበው ዘመድ ለማሳየት ቴሌቪዥን ሁሉ ተውሳለች። ባምላኩ ግን ነገ ዛሬ ሲል ቪዲዮውን ሳይሠራው ቆይቷል። የካሜራውን ካርድ አጥፍቶ ሌላ ሰርግ ቀርጾበታል። የቀረችው ብቸኛ ቅጂ ላፕቶፑ ውስጥ ነበረች፤ ላፕቶፑ ደግሞ ረቡዕ ዕለት ከታክሲ ወንበር ላይ ወደቀ።

"ጠዋት ደውላ 'ባሜ፣ የአባቴ ነገር ደረሰ?' አለችኝ" አለ። "እየጨረስኩ ነው አልኳት።"

"ለምን ዋሸሃት?"

"ታዲያ ምን ልበላት? አባትሽን ታክሲ ውስጥ ጣልኩት ልበላት?"

ኤቢሴ የላፕቶፑን ክዳን ዘጋች። "ስማኝ፣ ባምላኩ። ይሄ ዲስክ ወድቋል። የወደቀ ዲስክ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ውስጡ ምን እንዳለ የማላውቀውን ነገር አልከትበትም። ዋናውን ከሠሪዎቹ አወርዳለሁ።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"በዚህ ኔትወርክ? አራት ሰዓት። መብራት ካልሄደ።"

ባምላኩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወጣ። በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፤ ሱቁ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሲጋራ ያወጣና ሳይለኩስ ይመልሳል። አሳዘናት። ሆኖም ማውረዱን አስጀምራ ወደ ሌላ ሥራ ገባች። ሲዲው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ሳታውቅ መቀመጥ አልቻለችም።

ከአሮጌ ዕቃ ካርቶኗ ሌላ፣ ቀድሞም የሚያስቸግር ሃርድ ዲስክ አወጣች። የማንም አይደለም፤ ቢበላሽም አልቃሽ የለውም። አርባ ፎቶ ጫነችበትና አሥሩን አጠፋቻቸው። የጠፋ ፋይል በላዩ ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ይመለሳል፤ ፈልጋ አየቻቸው፣ አሥሩም አሉ። ከዚያ ዲስኩን የሲዲ ማስገቢያ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ገጠመችና የጋሽ በዛብህን ሲዲ ከተተች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከታች በኩል አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ማደግ ጀመረች። ይህችን መስመር ኤቢሴ ሺህ ጊዜ አይታታለች። ደንበኛ "ምንድን ነው?" ሲላት "እየተሟሟቀ ነው" ትላለች። እሷም ያን ጊዜ ነበር ሻይዋን ፉት የምትለው። ዛሬ ሻይ የለም። እጇን ሰብስባ ጠበቀች፤ አንድም ነገር ሳትነካ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ዲስኩን ነቅላ ወደ ራሷ ኮምፒውተር መለሰችው።

ካጠፋቻቸው አሥር ፎቶዎች ሁለት ብቻ ተገኙ። በሌሎቹ ፋንታ አንድ እንግዳ ፎልደር ተፈጥሯል፤ ውስጡ ስም የሌላቸው፣ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ቁርጥራጮች ተኮልኩለዋል። አንዱን ብትከፍተው የግማሽ ሰው ፊት ወጣ።

ኤቢሴ ፎልደሩን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይታዋለች።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ እዚያው ሠፈር የሚያስተምሩ መምህርት፣ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ይዘው መጡ። ውስጡ የእናታቸው ተረት ነበረ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ወደ እናታቸው አገር እየሄዱ፣ አጠገባቸው እየተቀመጡ፣ በኦሮምኛ የጻፏቸው መቶ ሃያ ተረቶች። ኤቢሴ ሲዲዋን ከተተች። አረንጓዴዋ መስመር አለፈች። ከዚያ የተገኘው ይኸው ነው፤ ቁጥር የተሰጣቸው ቁርጥራጮች፣ ግማሽ ጅብ፣ ሩብ ጦጣ። "ዲስኩ ሞቷል እትዬ" አለቻቸው። "ምንም ማድረግ አይቻልም።" ወይዘሮ ዋጋነሽ ጥቂት አለቀሱና አመስግነዋት ሄዱ። እናትየው አሁን ልጃቸውንም አይለዩም ይባላል፣ እንኳን ተረት ሊያስታውሱ።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ወይዘሮ ዋጋነሽ የትምህርት ቤቱን መምህር ሁሉ ወደ ኤቢሴ ይልካሉ። "እሷ ጋ ሂዱ" ይላሉ አሉ፣ "አይሆንም ካለች አይሆንም ማለት ነው። እውነቱን የምትናገር ልጅ ናት።" ግማሽ ደንበኛዋ በዚህ ቃል የመጣ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ተረት የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላት ነበር።

ስልኳን አነሳችና ደወለች።

ጋሽ በዛብህ ዱላቸውን ይዘው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ዓይናቸው ደክሞ ሱቃቸውን ከዘጉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አስኮ ድረስ የሚያመጣቸው ነገር ሲገኝ ግን እግራቸው ወጣት ነው። ባምላኩን ሰላም አሉና በሱቁ ውስጥ ባለችው አንዲት ደህና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኤቢሴ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ ሲዲው ላይ የጨመሩት ነገር አለ?"

"የቱን?"

"ሲነሳ የምትታየውን አረንጓዴ መስመር።"

"እ! እሷማ የኔ ናት።" ፊታቸው በራ። "ያ ጓደኛሽ ደግፌ አንድ ጊዜ ዲስክ ሳያስተካክል አስረክቦ ደንበኛ መንገድ ላይ ሰደበኝ። እናንተም ትረሱ ነበር፤ ስንቴ ተናግሬ ስንቴ! ከዚያ ሲነሳ የተዛባውን በራሱ ፈልጎ እንዲያስተካክል አደረግኩት። እንዳትረሱ ብዬ።"

"ሲያስተካክል ግን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ጋሼ።"

"ይጽፋል እንጂ፣ ሳይጽፍማ እንዴት..."

ፈገግታው አፋቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ኤቢሴ የሆነውን ለማስረዳት ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱም አላስፈለገም። ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

"ጤነኛ ዲስክ ከሆነ ምንም አይለው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኛ ጋ ጤነኛ ዲስክ አይመጣም፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ ወለሉን ጫር ጫር አደረጉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልኩ አስተምሬ..." አሉና አልጨረሱትም። ኤቢሴ እጃቸውን መያዝ ፈለገች፣ ግን ደፍራ አታውቅምና ሳጥኗ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። በሳቸው መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። መጣልኝ ብላ ብትጠብቀው ግን አልመጣም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን መስመር ምን ትሠራለች ብላ ያልጠየቀችው ራሷ ነች።

"ሲዲው ያላችሁ ስንት ናችሁ?" አሉ።

"ዘጠኝ ነን። የሰጡት ለዘጠኝ ነው። ከእኛ የገለበጡትን ማን ያውቃል?"

"ደውይላቸው። በዛብህ ተሳስቷል በያቸው።"

"እርስዎ ቢደውሉ ይሻላል። እኔ ብል ማን ያምነኛል? 'የጋሽ በዛብህን ሲዲ?' ብለው ይስቁብኛል።"

ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ዓይናቸው ፊደሉን ስለማይለይ ቁጥሮቹን እሷ ፈለገችላቸው። "ደግፌ? ስማኝ ልጄ። የሰጠሁህን ሲዲ ዛሬውኑ አስቀምጣት። አዎ፣ እኔው ነኝ። የለም፣ አላመመኝም።"

ማውረዱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። መብራት አንዴ ብልጭ ድርግም ብሎ ባምላኩን ከሱቁ በር ደረጃ አስነስቶት ነበር፤ ምን እንደተሳለ ማርያም ታውቃለች። ገባና እንደ ጠዋቱ ስልኩን አወጣ።

"በሦስት ይጀምራል" አለች ኤቢሴ።

"ሦስት።"

"ሲ፣ ዜሮ፣ ኤ።"

"ሲ፣ ዜሮ፣ ኤ።"

ስድሳ አራቱንም ምልክት አነበቡ። ባምላኩ መሀል ላይ "ይበቃል፣ ያው ነው" ቢል እሺ አላለችውም። የመጨረሻዋን ፊደል ሲላት ትንፋሿን ለቀቀች። ያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ አልሄደችም፤ አሥር ፎቶ ባጠፋችበት ሌላ አሮጌ ዲስክ ላይ ደግማ ፈተነችው። አሥሩም እንዳሉ ተገኙ። አረንጓዴ መስመርም የለም። ጋሽ በዛብህ በስልክ እያወሩ በዓይናቸው ይከተሏት ነበር፤ ይህን ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ የባምላኩን ላፕቶፕ በፍላሹ አስነሳች። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከፎልደሮቹ አንዱ አልከፈት አለ፤ የጭፈራው ነው። "ይቅር፣ ጭፈራው ይቅር" አለ ባምላኩ በጥድፊያ። ሁለተኛው ተከፈተ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ወደ አንድ አዲስ ዲስክ ሲያልፉ አንዱን ከፍታ ሞከረችው።

አቶ ነገሬ ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። ሌሊሴ በነጭ ቬሎ ጎንበስ ብላለች። ሽማግሌው መዳፋቸውን አናቷ ላይ አድርገው "ሆሪ፣ ቡሊ" ይላሉ፤ ርቢ፣ በደህና ኑሪ። ዘመዱ በአንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። ከምርቃቱ መጨረሻ ጥቂት ሰከንድ ተቆርጧል፤ ከንፈራቸው እንደተከፈተ ምስሉ ቆመ።

ባምላኩ ወደ ግድግዳው ዞረና አፍንጫውን ጠረገ። "ልደውልላት" አለ። "አሁን ነው የጨረስኩት እላታለሁ።"

"እውነቱን ንገራት። መጨረሻው ለምን እንደተቆረጠ መጠየቋ አይቀርም።"

"እነግራታለሁ" አለና ዲስኩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ይንገራት አይንገራት እሱ ያውቃል።

ጋሽ በዛብህ ከቀሩት ስምንት ሠልጣኞቻቸው ስድስቱን በስልክ አግኝተዋል። ኤቢሴ ያን ጊዜ የወይዘሮ ዋጋነሽን ነገር ነገረቻቸው፤ ከግማሹ ጅብ ጀምራ እስከ "እውነቱን የምትናገር ልጅ ናት" ድረስ። እያዳመጡ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አራት ዓመት ያለፈው ነገር ነው" አሉ። "ጠባሳ መነካካት ምን ይጠቅማል? ሴትየዋ ተጽናንታለች።"

"የተጽናኑት እኔ በነገርኳቸው ውሸት ነው።"

"ውሸት አልነበረም፤ አላወቅሽም።"

"አሁን አወቅኩ፣ ጋሼ።"

"ስምሽስ? ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያወራዋል። እኔ አርጅቻለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ። አንቺ ግን በዚህ ነው የምትኖሪው።"

እውነታቸውን ነው። የሱቋን ኪራይ፣ የእህቷን ትምህርት፣ ሁሉን የተሸከመላት ያ አንድ ቃል ነው። ፈራች። ደግሞም ማንም አልጠየቃት፤ ዝም ብትል በዓለም ላይ የሚያውቁት እሷና እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም አይናገሩም። "ኤቢሴ" የሚል የተጻፈባትን ሲዲ ከጠረጴዛው አንስታ በጣቷ አዟዟረቻት። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። በዚህ ሰዓት ማን በበሩ እንደሚያልፍ ታውቃለች።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ደብተር የታጨቀ ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው መጡ። እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ኤቢሴዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ሥራ እንዴት ነው?"

ሁልጊዜ የምትመልሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። እሱን ብላ አንገቷን ዝቅ ብታደርግ ሴትየዋ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ነገም እንደዚሁ።

ኤቢሴ ወደ ጋሽ በዛብህ ዞረች። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ወንበሩን" አለች።

ሽማግሌው አዩዋት። በእጃቸው የያዙትን ስልክ ኪሳቸው ከተቱና ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወንበሩን ራሳቸው ወደ በሩ ገፉት፣ አቧራውንም በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት። ከዚያ አልሄዱም፤ ከኤቢሴ ጎን ቆሙ።

"ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?" አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። ቦርሳቸውን አውርደው ተቀመጡ።

ኤቢሴ ሲዲዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ስሟ የተጻፈበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች።

"እትዬ ዋጋነሽ፣ ያኔ ዲስኩ አልሞተም ነበር" አለች። "የእናትዎን ተረት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"